ቅጠሉ የጅማ፣ ዋጋው የማን?

ሂርማታ ይባል የነበረው የጅማ የሐሙስ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878-1932) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስመ ጥር ገበያ ነበር። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱና ማሩ እዚያ ተራግፎ፣ እዚያ ተመዝኖ በሲራራ ነጋዴ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። ዛሬም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ በገበያ ቀን የተዘዋወረ ሰው ከቡናውና ከቅመማ ቅመሙ ጎን ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ማየቱ አይቀርም። ይኸውም ጆንያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ሥር፣ ልጥ፣ ቅጠልና ፍሬ ነው። ጤና አዳሙ፣ ዳማከሴው፣ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ እንዶዱና ኮሶው ሁሉም ገዢ አለው።

የሁለቱ ሸቀጦች አያያዝ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቡናው የመጣበት አካባቢ ይታወቃል፤ እንከኑ ተቆጥሮ፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ከጎኑ ያለው ልጥ ከየትኛው ዛፍ እንደተላጠ፣ መቼ እንደደረቀ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚያድንና ከስንት ማንኪያ በኋላ እንደሚጎዳ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። አንዳንዴም ሻጩ ራሱ አያውቅም።

ከኢትዮጵያ ሕዝብ 80 በመቶ ያህሉ በባህል መድኃኒት ይገለገላል የሚለው አኃዝ በየጥናቱ መግቢያ ላይ ይደጋገማል። አኃዙ ግምት ነው። ከግምቱ ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ግን ነገሩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛ ያለው ገበያ መሆኑ ነው። ለመሆኑ ይህን ያህል ገዢ ያለው ገበያ እስከ ዛሬ ደረጃ፣ ማሸጊያና አምራች ኩባንያ ያጣው ለምንድን ነው? ጅማ ደኑም፣ አዋቂዎቹም፣ ዩኒቨርሲቲውም በአንድ ቦታ የተገናኙባት ከተማ ናትና ጥያቄውን ለመመርመር ተስማሚ ናት።

የአዋቂው ፓተንት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የጅማ እርሻ ኮሌጅና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። በዚህም ምክንያት ዕፅዋት የሚያጠናው፣ መድኃኒት የሚቀምመውና በሽተኛ የሚያክመው ክፍል በአንድ ተቋም ሥር ይገኛል። የቡና ምርምሩ መናኸሪያ መልኮም ከከተማዋ ሩቅ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ኃይሌ ይንገርና ደለነሳው የኋላው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በሰኮሩ ወረዳ አዋቂዎች 15 የሰው በሽታዎችን የሚያክሙባቸውን 27 ዕፅዋት መዝግበዋል። አብዛኞቹ ከዱር የሚለቀሙ ናቸው፤ በብዛት የሚፈለገውም ቅጠላቸው ነው። በተከታዩ ዓመት ከደመል ተክታይ ጋር ሆነው ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የኦሮሞ አዋቂዎች ለ51 ሕመሞች የሚጠቀሙባቸው 67 ዕፅዋት ተዘርዝረዋል። ይህ ጥናት ሁለት ትኩረት የሚሹ ነገሮችን ይነግረናል። አንደኛው፣ የአዋቂው ዕውቀት ከዕድሜው ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑ ነው። ይህ በሌላ አነጋገር ዕውቀቱ በሽማግሌዎች እጅ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እርስ በርስ ሳይማከሩ ለአንድ በሽታ አንድ ዓይነት ተክል የመጥቀስ ልማድ ጎልቶ የታየው በእብጠት (በአካባቢው አጠራር ታናቻ)፣ በእብድ ውሻ በሽታና በነፍሳት ንክሻ ላይ መሆኑ ነው። ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ስምምነት ሲያይ ቅድሚያ ሰጥቶ የሚመረምረው ተክል ተገኘ ማለት ነው።

ሥር ማሹና ቅጠል በጣሹ ግን ዕውቀቱን እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም። ከአባት ወደ በኩር ልጅ፣ ያውም አባት ሲደክም ብቻ የሚተላለፍ ነገር ነው። ከተሜው ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥረዋል። ነገሩን በኢኮኖሚ ዓይን ላየው ግን አዋቂው የሚሠራው እጅግ ምክንያታዊ ሥራ ነው። የቅጠሉን ስም አንዴ ከተናገረ ጎረቤቱም ከጓሮው ቆርጦ ይጠጣዋልና ገቢው ይቆማል። የመድኃኒት ኩባንያ ቀመሩን በፓተንት ሲጠብቅ አዋቂው በዝምታ ይጠብቃል። ልዩነቱ ፓተንት ዘመኑ ሲያበቃ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ ምስጢር ግን ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ ነው።

ከአጣጥ እስከ 2 ቢሊዮን ፍራንክ

ከዚህ ዕውቀት ምን ያህል ገንዘብ ሊወጣ እንደሚችል ለሚጠይቅ የአጣጥ ታሪክ በቂ መልስ ነው። አጣጥ (በኦሮምኛ ኮምቦልቻ) በጅማ ዙሪያ በደን ጠርዝና በአጥር ላይ የሚታይ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ጫትም የዚሁ ቤተሰብ ተክል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስለቀመ ያስመረምር ነበር። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱ የአጣጥ ዘመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የሚባል፣ የካንሰር ሕዋስን የሚገድል ንጥረ ነገር አውጥተው አሳተሙ። የተገኘው መጠን በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ስሌት አንድ ግራም ለማግኘት 50 ኩንታል ተክል ያስፈልጋል።

ንጥረ ነገሩ በሰው ላይ ሲሞከር የሚያደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ በለጠና ነገሩ ተተወ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች መርዙን የካንሰር ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አቆራኙት። ከዚያ የተገኘው ካድሲላ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። የባለቤቱ የሮሽ ኩባንያ የሽያጭ መግለጫ እንደሚያሳየው በ2020ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ካድሲላ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ያስገባ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ውስጥ ለኢትዮጵያ ስንት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ናሙናው ሲወሰድ አገሮች በሕይወታዊ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያረጋግጠው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ገና አልተወለደም ነበር፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ነው። ከዚህም የባሰው፣ ዛሬ የመድኃኒቱ መነሻ የሚመረተው ከቁጥቋጦው ሳይሆን ተመሳሳዩን ንጥረ ነገር ከሚሠራ ረቂቅ ተሕዋስ በፋብሪካ ጋን ውስጥ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ገበያ ሲወጣ ቅጠሉ ፈላጊ አልነበረውም። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ ትልቁ ዋጋ ለማስረጃው ነው የሚከፈለው። ይህ ንጥረ ነገር በዚህ መጠን ይህን በሽታ ያድናል የሚለውን ቃል በማስረጃ ያጸናው ነው ዋጋውን የሚወስደው።

እንዶድም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ በርካሽ ለማጥፋት የሚያስችል ግኝት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። ሆኖም በግኝቱና በሽልማቱ መካከል 25 ዓመት አልፏል። ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዶድ በሌላ ፍጡር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓለም ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ የማስመርመር ግዴታ ነበር። ያን ለማድረግ የሚያስችለው ገንዘብና መሣሪያ ደግሞ በውጭ እንጂ በአገር ውስጥ አልነበረም። ኋላም እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዛጎል ዘር ማጥፋቱ ሲታወቅ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በኩል ፓተንት ወጣበት።

ቤተ ሙከራው የት ላይ ይቆማል?

የአገራችን ላቦራቶሪዎች አልተኙም። አሠራሩም የታወቀ ነው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ተጣርቶ ይተናል። የቀረው ጭማቂ በባክቴሪያ ላይ ይሞከራል። ለወባ ከሆነ ደግሞ የአይጥ ወባ ለተወጉ አይጦች ለአራት ቀን ተሰጥቶ በደማቸው ያለው ተውሳክ ይቆጠራል። ብሳናና ግራዋን የመሳሰሉ በጅማ ጓሮና ደን የሚበቅሉ ዕፅዋት በዚህ መንገድ ተፈትነው ውጤታቸው ታትሟል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አይጥ ላይ ተውሳክ የቀነሰ ጭማቂ ሰውን ያድናል ማለት አይደለም። ለዚያ የረጅም ጊዜ የመርዛማነት ምርመራ፣ የንጥረ ነገር ልየታና በሰው ላይ የሚደረግ ክትትል ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ በሚሰጥ ገንዘብ አይሠራም። ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ በጆርናል ይወጣል፣ ቅጠሉ ወደ ጆንያው ይመለሳል። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። አዋቂው ቅጠሉን በውኃ አፍልቶ ወይም በማር ለውሶ ነው የሚሰጠው፤ ላቦራቶሪው የሚፈትነው በሜታኖል የወጣውን ነው። ስለዚህ የተፈተነው ነገርና ሕዝቡ የሚጠጣው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

መጠኑ አለመታወቁ ቀልድ አይደለም። ኮሶን እንመልከት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ኮሶ ወደ አውሮፓ ተልኮ፣ በእነርሱ የመድኃኒት መጻሕፍት ተመዝግቦ ለትል ሲሸጥ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን ያስመልሳል፣ ያዳክማል፣ የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። አውሮፓውያን መጠኑ የተለካና ጉዳቱ ያነሰ ክኒን ሲሠሩ የኮሶ የውጭ ገበያ አከተመ። ያልተለካ ሸቀጥ በተለካ ሸቀጥ መሸነፉ የገበያ ሕግ ነው።

የቡና ቅጠልና የአውሮፓ በር

እስካሁን ያየነው የረጅሙን መንገድ ነው። አጭር መንገድም አለ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ደግሞ የጅማ ሰው በየጓሮው ያለው የቡና ቅጠል ነው።

በከፋና በቤንች ጨሞ፣ በሐረር ቁጢ እየተባለ የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚጠጣው ከጥንት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት በአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ማንጊፈሪን የተባለው፣ በማንጎ ዛፍ የሚታወቀው ንጥረ ነገር በርከት ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። ይህ በሽታ ያድናል ለማለት አያበቃም። የገበያውን በር የከፈተው ግን ሌላ ማስረጃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የአዳዲስ ምግቦች ደንብ፣ ከአውሮፓ ውጪ ቢያንስ ለ25 ዓመት ያለ ጉዳት ሲበላ ወይም ሲጠጣ የኖረ ነገር በተቃለለ አሠራር እንዲገባ ይፈቅዳል። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የቡና ቅጠል ፍል ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዲገባ ተፈቀደ።

እነሆ፣ እናቶቻችን ሲጠጡት የኖሩት ነገር በራሱ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ቡና ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ፍሬ ይለቅማል፤ ቅጠል ግን ከመግረዝ ጋር ተያይዞ ሊሰበሰብ ይችላል። ዛፉ ቅጠሉ ሲራቆት ፍሬውም እንደሚቀንስ አይዘነጋም። ምን ያህል ቢቆረጥ ትርፍ፣ ምን ያህል ቢቆረጥ ኪሳራ እንደሚሆን ለክቶ መንገር ለቡና ተመራማሪዎቻችን የሚከብድ ሥራ አይደለም። ኮረሪማም ተመሳሳይ ዕድል አለው። በቡናና በቅቤ የለመድነው የኮረሪማ ፍሬ ዘይት በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥም የሚገኘውን ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል።

መድኃኒት ብሎ ለመሸጥ ግን በሩ ጠባብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የባህላዊ የዕፅዋት መድኃኒት መመሪያ የ30 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ ከዚህም ውስጥ 15ቱ ዓመት በዚያው በኅብረቱ አገሮች የተቆጠረ መሆን አለበት። ስለዚህ የጅማ ነጋዴ ዛሬ ሊገባበት የሚችለው በር የምግቡና የመጠጡ ነው። የመድኃኒቱ ገበያ መጀመር ያለበት ከአገር ውስጥ ነው።

ሕጉ አለ፣ ገንዘቡስ?

ኢትዮጵያ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ ፈቃድን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ለመጠቀም ደግሞ የማኅበረሰቡን ስምምነት ይጠይቃል። ከጄኔቲክ ሀብቱ ጥቅም በገንዘብ መልክ ለመንግሥት ከሚደርሰው ድርሻም 50 በመቶው የአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ይደነግጋል። በወረቀት ደረጃ ይህ ለጅማ አዋቂ ከዝምታ የተሻለ ዋስትና ነው።

በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጤፍ ስምምነት ለአርአያነት ተሞግሶ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ አካባቢ ብቻ ሆነ። የጤፉን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስምምነት ያለ ገበያ ገንዘብ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የደኑም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ላርስ ሄይንና ፍራንዝ ጋትስቫይለር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት በኢትዮጵያ ደኖች ያለው የቡና ዘር ሀብት የወደፊቱ ጥቅም በ5 በመቶ ቅናሽ ሲሰላ 1 ቢሊዮን 458 ሚሊዮን ዶላር፣ በ10 በመቶ ሲሰላ 420 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። የቅናሹ መጠን በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው ከሲሶ በታች ወረደ። ነገን የሚጠብቅ ሰው ደኑን ውድ ያደርገዋል፤ የሚቸኩል ያረክሰዋል። ከአራጣ አበዳሪ የተበደረው የጌራ ገበሬ የሚያስበው በ5ም በ10ም በመቶ አይደለም። ለዘንድሮ ወጪው ደኑን መንጥሮ ጫት ቢተክል ስሌቱ ትክክል ነው፤ ትክክል ያልሆነው ከደኑ የሚገኘው ጥቅም ለእርሱ አለመድረሱ ነው። በበለጠ-ጌራ ደን ገበሬዎች ተደራጅተው የደን ቡናቸውን የምስክር ወረቀት አሰጥተው መሸጣቸው ግን መንገድ እንዳለ ያሳያል። ከዱር የሚለቀመው መድኃኒት የሚበቅለውም በዚሁ ደን ውስጥ ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ጋና እ.ኤ.አ. በ1975 በማምፖንግ የዕፅዋት መድኃኒት ምርምር ማዕከል አቋቁማ ምርምሩን፣ ማምረቱንና ማከሙን በአንድ ግቢ አገናኝታለች። ካድሲላን የሚያህል ግኝት አላለመችም፤ ለሳልና ለሆድ ሕመም መጠኑ የተለካ፣ የታሸገ መድኃኒት ማቅረብን ነው ያስቀደመችው። ጅማ ይህን ለመሥራት የሚጎድላት ሕንፃ አይደለም።

የሚጎድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ አዋቂው ዕውቀቱን ሲያስመዘግብ ቀንና ስሙ ሰፍሮ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ፣ ከገበያ ድርሻ የሚያገኝበት ውል ነው። ውል የሌለው አዋቂ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ ምርምሩ 67ቱንም ዕፅዋት በአንድ ጊዜ ከሚያዳርስ አዋቂዎች የተስማሙባቸውን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ፣ አዋቂው በሚያዘጋጅበት መንገድ አዘጋጅቶ፣ መጠንና መርዛማነታቸውን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ሦስተኛ፣ ባለሀብት ነው። ባለሀብቱ የሚገባው ግን መጠኑ የተለካ ነገር ሲቀርብለት ነውና ሦስተኛው ያለ ሁለተኛው አይመጣም።

ቡናን በጥሬው ሸጦ ቆልቶ ለሚሸጠው ትርፉን መተው ለጅማ የቆየ ልማድ ነው። በመድኃኒቱ ግን ጊዜ የሚሰጥ ነገር የለም። ቡናው ዘንድሮ ባይቆላ ለከርሞ ያፈራል፤ ዕውቀቱን ሳይናገር ያለፈ ሽማግሌ ግን ለከርሞ አይመለስም።